ክንዴ የሠራው መድኃኒት

ባለፈው ወር ወደምሠራበት የልብስ ፋብሪካ የጤና ባለሙያዎች መጥተው እኛን ሴቶቹን አሰልፈው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሰጡን። ተራዬ ሲደርስ የምትወጋው ልጅ ጥጧን በአልኮል ነክራ ክንዴን ጠረገችው። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ክንዴን ነጥቄ ወደ ኋላ ሸሸሁ። «የድሬ ልጅ ሆነሽ መርፌ ትፈሪያለሽ እንዴ አቦ!» አለችኝ ከኋላዬ የነበረችው፣ ሰልፉም ሳቀ። መርፌ አልፈራም። የሚያስፈራኝ ሽታው ነው ብላት ደግሞ ማን ያምነኛል? ተወግቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ክንዴ መጠዝጠዝ ሲጀምር ግን ያ ዓመት ከነሙቀቱ መጣብኝ።

ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ገንደ ቆሬ፣ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ክፍልና አንዲት በረንዳ ነበረች። የድሬን የግንቦት ሙቀት ለማያውቀው ሰው መንገር ከንቱ ድካም ነው። ቆርቆሮው ብቻውን ይንጣጣል፣ የቧንቧው ውሃ የፈላ ይመስል ትኩስ ሆኖ ይወርዳል። በዚያ ወቅት ጎረቤቱ በሙሉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚተኛው። እኛ ብቻ በር ዘግተን ውስጥ እንተኛ ነበር። እናቴ ሽታዋን ሰው እንዳይሰማው ብላ ነው።

እናቴ አልማዝ ድሪያ የሚባለውን ረጅም ቀሚስ ትሰፋ ነበር። ስስ ጨርቃቸውን ይዘው የሚመጡት ሴቶች በረንዳችን ላይ እየተሳሳቁ ይለኩ ነበር፤ ሶማሊኛ ያወሯትን በሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ ያወሯትን በኦሮምኛ ትመልሳለች፣ ሁለቱንም እየሰባበረች፣ ሳታፍር። አባቴን አትጠይቁኝ፤ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር ይሉኛል፣ እኔ ነፍስ ሳላውቅ መስመሩን ይዞ ቀርቷል። በዚያ ዓመት የስፌት መኪናዋ አንሶላ ለብሶ በረንዳው ላይ ቆመ። ሴቶቹም ሌላ ሰፊ ፈለጉ።

እናቴን ደም ይፈሳት ነበር። ይህን የነገረኝ ሰው የለም። አክስቴ ብርቄ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ልታስታምማት እኛ ጋ ከገባች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጨርቅ በበረኪና ዘፍዝፋ ስታሽ አያለሁ፤ ውሃው ቀልቶ ይፈሳል። «ምን ሆና ነው?» ስላት «የሴት በሽታ ነው፤ ልጅ አይጠይቅም» ትለኛለች። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ተመልሳለች። አንድ ቀን አክስቴ ለጎረቤት «ቤቷ ውሰጂያት፣ ጠበሉንም ሞክሩላት አሉኝ» እያለች በሹክሹክታ ስታወራ ሰማኋት። እኔ ሞኟ፣ ሐኪም ጠበል ካዘዘማ እናቴ ልትድን ነው ብዬ ደስ አለኝ። የዚያን ቀን ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ስዘል ዋልኩ።

ትምህርት ቤታችን የጤና ጣቢያው ሲስተር የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ወንዶቹን አስወጥታ እኛን ብቻ አስቀረችን። ቀጭን ናት፣ ቶሎ ቶሎ ታወራለች፣ ላቧን በመዳፏ ትጠርጋለች። ስለ ማህፀን በር ካንሰር ነገረችን። ደም ያፈሳል አለች። ወገብ ይቆርጣል አለች። እየቆየ ሲሄድ ሽታ ያመጣል አለች። ልጆቹ በደብተር አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ፤ እኔ ግን ሲስተሯ ቤታችን ገብታ ያየችውን የምታወራ መሰለኝ። ጆሮዬ ጋለ። የበሽታው ስም ያን ቀን ገባኝ፤ ከአክስቴ አፍ ሳይሆን ከማላውቃት ሴት አፍ።

«ነገ ለዚህ በሽታ መከላከያ የምንወጋችሁ መርፌ ራሱ አይደለም የሚያድናችሁ» አለች ሲስተሯ። «መርፌው ሰውነታችሁን ያስተምረዋል። መከላከያውን የሚሠራው የራሳችሁ ሰውነት ነው። ክንዳችሁን ሊያማችሁ ይችላል፣ ትንሽ ሊያብጥም ይችላል። አትደንግጡ፤ ሰውነታችሁ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።»

እጄን አወጣሁ። «ለታመመ ሰውስ?»

«ለታመመ አይሆንም፣ የኔ ቆንጆ። የታመመ ሰው ቢወጋው አይጠቅመውም።»

ቤት ስገባ አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። ለእናቴ ነገርኳት። የበሽታውን ስም ስጠራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልጋው ሥር ያለውን ውሃ ልስጣት ብዬ ስነሳ ነው የመለሰችልኝ።

«ተወጊ» አለች። «ለብርቄ ግን አትንገሪያት።»

በማግስቱ ተወጋሁ። ጓደኛዬ ኒምዓ ከሰልፍ ወጥታ ሄደች፤ እናቷ «መካን ያደርጋል» ብላታለች። ወሬው ሰፈሩን ሞልቶት ነበር፣ ገበያውንም እንዲሁ። እኔ ግን መካን መሆን ምን እንደሆነ በቅጡ አላውቅም፣ ግድም አልነበረኝም። ከሲስተሯ ንግግር ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው፦ ሰውነታችሁ ይሠራዋል። መርፌው ለእናቴ አይሆንም፣ እሺ። የኔ ክንድ የሚሠራው መድኃኒትስ? ስለ እሱ አይሆንም ያለ የለም።

ማታውኑ ክንዴ ተነሳ። የተወጋሁበት ቦታ የግማሽ ሎሚ ያህል አብጦ ጋለ፣ ቀላ። ወደ ላይ ላነሳው ስል እስከ አንገቴ ይወጋኛል። ፀጉሬን ማሰር አቃተኝ፤ ጀሪካን በግራ እጄ ብቻ እየጎተትኩ ነው ውሃ የቀዳሁት። ከአክስቴ ለመደበቅ በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም የሆነ ሹራብ ለበስኩ። «ምን ነካሽ፣ አዲስ አበባ ያለሽ መሰለሽ?» አለችኝ። ክፍል ውስጥ ሌሎቹ እያለቀሱ ፓራሲታሞል ሲውጡ እኔ የሰጡኝን ፍሬ ጥርሴ ሥር ይዤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ተፋሁት። ሕመሙን ከገደለው መድኃኒቱንም ይገድለዋል ብዬ ነው። ሕመሙ ሲብስ ደስታዬ ይብስ ነበር። አሁን እየሠራ ነው፣ እላለሁ በልቤ፤ በርታ።

ከእናቴ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። ከጀርባዋ አቅፌያት ያበጠውን ክንዴን ሆዷ ላይ አስተኛዋለሁ። ሆዷ ጠንክሮ ነበር። ትኩሳቴ ወደ እሷ ሲገባ ይሰማኛል፣ ወይም የሚሰማኝ ይመስለኛል። «ከበድሽኝ ትጊዬ» ስትል ትንሽ አነሳና እንቅልፍ ሲወስዳት መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ጠዋት ስትነሳ ፊቷን አየዋለሁ። ያው ነው። ዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረትም ያው ነው።

ከዚያ ሕመሙ መቀነስ ጀመረ። የማንም ልጅ ክንድ እንደሚሻለው የኔም ሊሻለኝ ነበር። እኔ ግን በድንጋጤ ልሞት ደረስኩ፤ ለእናቴ ሳይደርስ ሊያልቅብኝ ነው! የበሩ መቃን ላይ ክንዴን እያስደገፍኩ እጫነው ነበር፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀር። በአውራ ጣቴ እፈትገዋለሁ። እብጠቱም እንደገና ተነሳ፤ ቆዳው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ።

አክስቴ ያገኘችኝ ግቢ ውስጥ በርከክ አድርጋኝ ፀጉሬን በሳሙና ስታጥብ ነው። ሹራቤ እንዳይርስ ብላ ስትገፈው ማሰሮ ከእጇ እንደወደቀባት ሴት ቀጥ አለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ተወጋሁ።»

«የምን? ያንን?» ደረቷን መታች። «ወይኔ ብርቄ! ዘራችንን ሊያደርቁት!»

አክስቴን ክፉ ሴት አታድርጓት። አልወለደችም። ባሏ በዚሁ ምክንያት ከቤቱ አስወጥቷታል፤ ሻንጣዋን አንጠልጥላ በሰው ፊት ስትወጣ ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ አይቷል። መካንነትን እንደ ወሬ አልነበረም የምታውቀው። ፀጉሬን በሳሙናው እንዳለ በሻሽ ጠቅልላ፣ በደህናው እጄ እየጎተተች፣ አጥራችንን ተጋርተው ወደሚኖሩት ወደ አዴ ፋጡማ ወሰደችኝ።

አዴ ፋጡማ በቀንድ ደም እየሳቡ ዋግምት የሚያወጡ ሴት ናቸው፤ በሙስሊሞቹ አባባል ሂጃማ። ወገቤን፣ ራሴን፣ ትከሻዬን የሚል ሁሉ እሳቸው ጋ ይሄዳል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሐኪም ያልቻለውም፣ ሐኪም የፈራውም። የከፋ ደም ይወጣል፣ ሰውየው ቀሎት ይሄዳል። እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ አክስቴ «የወጉባትን መርዝ አውጪልኝ» ስትላቸው፣ እኔ ከእሷ በላይ ደስ አለኝ። ለካ መንገዱ ይሄ ነበር! ክንዴ መድኃኒቱን ሠርቶ እብጠቱ ውስጥ አከማችቷል፤ ቀንዱ ስቦ ያወጣልኛል፣ እኔ ለእናቴ እወስድላታለሁ። ሁለታችንም አንድ ነገር እንዲወጣ ፈልገን ነው የሄድነው፤ እሷ መርዝ ብላው፣ እኔ መድኃኒት ብዬው።

«ኮቱ፣ ነዪ፣ ተቀመጪ» አሉኝ አዴ ፋጡማ። ክንዴን አገላብጠው አዩት። «ብርቄ፣ ይሄ ተመትቷል እንዴ? ጠቁሯል'ኮ።»

«መርዙ ነዋ ያጠቆረው!»

አዴ ፋጡማ ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ። ቀንዱን እብጠቱ ላይ ደፍተው በጫፉ ቀዳዳ አየሩን በአፋቸው ሳቡና በሰም ደፈኑት። ሥጋዬ ወደ ላይ ሲሳብ ተሰማኝ። ቆይተው አነሱት፣ በምላጭ ጫር ጫር አደረጉት፣ እንደገና ደፉት። እንዲያ ዓይነት ሕመም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ ቀድሞውኑ የቆሰለ ክንድ ላይ ነው። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። አዴ ፋጡማ «ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ወንድ ነች» አሉ። ቀንዱ ሲነሳ የወጣው ደም ረግቶ ጉበት ይመስል ነበር። ጣሳ ውስጥ ገለበጡት።

ደሙ ይቀበራል፤ ውሻ እንዳይልሰው፣ ሰው እንዳይረግጠው። «እኔ ልቅበረው» አልኩ። የደሙ ባለቤት ናት ብለው ሰጡኝ። ሁለቱ ስለ ዘመኑ ክፋት ወሬ ሲጀምሩ ጣሳዋን በሻሼ ሸፍኜ ወደ ቤት ሮጥኩ። የሳሙናው ውሃ ከፀጉሬ እየወረደ ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር።

እናቴ በጎኗ ተኝታለች። አጠገቧ ተንበረከክሁና ጣሳዋን ከፈትኩላት።

«ምንድን ነው?»

«መድኃኒቱ ነው። ክንዴ የሠራው። ጠጪው እማ፣ ወይ ልቀባሽ፤ ሳይደርቅ።»

ጣሳዋን አየች። ቀጥሎ ክንዴን አየች፤ ደሙ እስከ ክርኔ ወርዷል። መልሳ እኔን አየችኝ፤ ምን እንዳደረግኩ፣ ለምን እንዳደረግኩ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። እናቴ ያለ ሰው እርዳታ ቀና ካለች ሰንብታለች። ቀና አለች። «ለኔ ብለሽ ነው?» አለች። ድምጿ ተቀይሮ ነበር። ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ይዛ ቆየችና ድንገት ገፋችኝ።

«ማነው ያወጣብሽ? ብርቄ! ብርቄ!»

አክስቴ እየሮጠች ገባች።

«ሁሉንም ነው ያወጣችሁባት?»

«ተመስገን ነው! ጥርግ ብሎ ወጥቷል። ደግሞ አንቺ ነሽ እንዴ የፈቀድሽላት? ልጅቷ እንደ እኔ ልትቀር?»

«እንደ እኔስ ብትቀር?» አለች እናቴ። ጮክ ብላ አይደለም። «ብርቄ፣ እንደ እኔስ ብትቀር?»

እናቴ እግሯን ከአልጋው አወረደች። «ነጠላዬን አቀብይኝ። ባጃጅ ጥሪ። እንደገና ትወጋለች።»

ባጃጁ ውስጥ አክስቴ መቀመጫው ላይ ላስቲክ አነጠፈች፤ እናቴ በላዩ ተቀመጠች። ድልድዩን ስንሻገር ባጃጁ በተንገጫገጨ ቁጥር ከንፈሯን ትነክሳለች። ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና ሬዲዮውን ዘጋው። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሁለት ሰዎች ደግፈው አስገቧት። በምን ጉልበት እንደሄደች አላውቅም። ከዚያ በኋላ በእግሯ ከቤት አልወጣችም።

ሲስተሯ አወቀችኝ። ክንዴን ስታይ ተቆጣች፣ አክስቴንም እኔንም ሰደበች። አልኮሉን በጥጥ አድርጋ ቁስሉን ስትጠርገው ሽታው አናቴ ላይ ወጣ። እናቴ ግን ስድብ ለመስማት አልመጣችም።

«ሲስተር፣ በቀንድ አወጡባት። ሌላ ውጊልኝ።»

«ምንም አልወጣም።»

«ደሙን አይቼዋለሁ'ኮ!»

«እናት፣ ስሚኝ። ክትባቱ ክንዷ ላይ አልተቀመጠም። ከተወጋችበት ቀን ጀምሮ ሰውነቷ ውስጥ ሥራውን ይዟል። ቀንድም ምላጭም አያወጣውም። ያወጡት የልጅቷን ደም ብቻ ነው።»

«እንደገና በይልኝ።»

«አይወጣም። አንዴ ከገባ የእሷ ነው። ወደ ሌላ ሰው አይሄድም፣ ማንም አይወስድባትም።»

እናቴ ዓይኗን ጨፍና «ተመስገን» አለች፤ እንባዋ በሁለቱም ጉንጯ ወረደ። እኔም አለቀስኩ። ሲስተሯ ቁስሉ አቃጥሎኝ መስሏት «አይዞሽ፣ አለቀ» አለችኝ። አዎ፣ አልቆ ነበር። እናቴን ያሳረፋት ቃል ነው እኔን የገደለኝ። ወደ ሌላ ሰው አይሄድም። ስለዚህ ጣሳው ውስጥ የነበረው ደም ብቻ ነው፤ ክንዴም ለእኔ ብቻ ነው የሚሠራው፤ እናቴም ትሞታለች። በዚያች ደቂቃ ነው ያወቅኩት፣ ነጭ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሕፃናት ሥዕል እያየሁ።

«ሁለተኛው ከስድስት ወር በኋላ ነው» አለች ሲስተሯ። «እንዳይረሳ።»

እናቴ ግቢው ውስጥ ያለው የኒም ዛፍ ሥር አግዳሚው ላይ እረፍ ልበል አለች። ጣቶቿን እያጠፈች ወሮቹን ቆጠረች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መሐል ላይ ቆመችና ቀሪዎቹን ጣቶች ሳትጨርስ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ብርቄ።»

«ወይ።»

«ኅዳር ላይ ታስወጊያታለሽ። ማዪልኝ።»

«እግዚአብሔርን፣ አስወጋታለሁ።»

«በእሱ አይደለም። እንደምትምዪው ማዪልኝ።»

አክስቴ ወጡ ጨው አንሶታል ሲሏት እንኳ «አልማዝ ትሙት፣ ጨምሬያለሁ!» የምትል ሴት ናት። ለትልቁም ለትንሹም መሐላዋ የእህቷ ስም ነው፤ በዚያ ስም ምላም ዋሽታ አታውቅም። እናቴ ይህን ታውቃለች። አክስቴ ነጠላዋን ጫፉን ይዛ ጠመዘዘችው።

«አልችልም።»

«በይ እንጂ» አለች እናቴ፤ ፈገግ ብላ ነበር። «ከዚህ ወዲያ ምን እንዳይደርስብኝ ነው የምትፈሪው?»

«ተዪኝ አልማዝዬ፣ በማርያም።»

«በይ፣ ብርቄ። ልጄ ናት።»

አክስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከውስጥ ሆና፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «አልማዝ ትሙት፣ አስወጋታለሁ» አለች። እናቴም «እሺ» አለች፤ «አሁን ወደ ቤት ውሰዱኝ።»

እናቴ ነሐሴ ላይ ሞተች። ደቻቱ ሞልቶ ስለነበር ቀባሪው ወዲያ ማዶ ቆሞ ጎርፉ እስኪጎድል ጠበቀ። ኅዳር ላይ አክስቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ትምህርት ቤት ድረስ መጣች፣ ሰልፉ ውስጥ ከልጆቹ መሐል አብራኝ ቆመች፣ መርፌው ሲገባ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። ማታ ክንዴ አበጠ። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ አስቀመጠችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያምሻል?»

«አዎ።»

«ይመምሽ» አለችኝ፣ ጨርቁን እያገላበጠች። «ይመምሽ፣ ልጄ።»